ደወሉ እስኪደወል

የምነግራችሁ ነገር ጊዜያችሁን አያስቆጭም፣ ለዚህ ዋሱ እኔው ነኝ፤ ሰምታችሁ ስታበቁ ለጎረቤት ሳትነግሩ ካደራችሁ ጥፋቱ የጎረቤቱ ይሁን። ለጊዜው የማወራው በልቤ ነው፣ የሚሰማኝ የለም፣ ሊነጋጋ ትንሽ ቀርቶታል፣ ከጀርባዬ ቴኮሉትላ የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ተኝታለች፣ ከፊቴ ባሕሩ እንደ ጠገበ በሬ ያመሰኳል፣ እኔ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የዘንባባ ዳስ እጠብቃለሁ። ዳስ ምን ይጠበቃል ትሉ ይሆናል፣ ላስረዳችሁ፤ በሕማማት ሳምንት ሜክሲኮ በሙሉ ድስቱንና አያቱን ጭኖ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ከውሃው ፊት ለፊት ያሉት ዳሶች ግን ጥቂት ናቸው፣ ደንቡም አንድ ነው፣ ዳሱ የሚሆነው ለተቀመጠበት ሰው ነው። ፎጣ ብታነጥፉ አጣጥፈው ያስቀምጡላችኋል፣ ገመድ ብታስሩ ልብስ ያሰጡበታል፣ የሚከበረው ሥጋና ደም ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ወፍ ሳይንጫጫ አንድ ሰው ይልካል፣ የኛ ቤተሰብ የሚልከው እኔን ነው፣ ያለ ክርክር። እንዴት አልላክ፣ ታፓቹላ በምትባለው የድንበር ከተማ ለአንድ የመተላለፊያ ወረቀት ከሄይቲውም ከሆንዱራሱም ጋር ካርቶን አንጥፌ ወረፋ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ የቢሮው መስኮት ዛሬ በዚህ በኩል ነው፣ አይ በዚያ በኩል ነው እያሉ ሰው ሲያተራምሱ እኔ የጠባቂውን ዓይን አይቼ የትኛው እንደሚከፈት የማውቅ፣ ካለሁበት ንቅንቅ የማልል። ዶን ኤሪቤርቶ፣ የወደፊት አማቴ፣ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ "ይኼ ልጅ ሲቀመጥ ሥር ያወጣል" ይላሉ፣ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ፣ እውነት ነዋ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ዳሱ አይደለም፣ ዶኛ ኤውፍሮሲና ናቸው፤ ዶኛ እዚህ የትልቅ ሴት መጠሪያ ነው፣ ዶን የወንድ። የዶን ኤሪቤርቶ እናት ናቸው፣ የእጮኛዬ የሲትላሊ አያት፣ ሰማንያን ያለፉ ሴት። ቤታችን ከዚህ ርቆ ተራራ ላይ ነው፣ ቺግናዋፓን፣ ጭጋግና ጥድ ያለበት ብርዳም ከተማ፣ ሰዉ ሁሉ ለገና ዛፍ የሚንጠለጠል የብርጭቆ ኳስ የሚሠራበት። እኔ ብርጭቆውን በእሳት ላይ እነፋለሁ፤ መንፋት ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ትንፋሹ ከጉንጭ ከመጣ ኳሱ ጎባጣ ይሆናል፣ ከሆድ መምጣት አለበት፣ እንደ ዋሽንት፣ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ሦስት መቶ ያህል ሰባብሬ ራሴ ደረስኩበት፤ ቋንቋቸውንም የተማርኩት ኳሶቹ ከሚጠቀለሉበት አሮጌ ጋዜጣ ነው፣ ለዚህ ነው ስናገር ሲትላሊ "እንደ ሚኒስትር አታውራ" የምትለኝ። ዶኛ ኤውፍሮሲና ኳሶቹ ላይ አበባ ይሥላሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ አራት ጠጉር ባላት ብሩሽ። የሣሉት አበባ ባሕር ተሻግሯል፣ እሳቸው ግን ባሕር ነክተው አያውቁም። ባላቸው "ከገና በኋላ እወስድሻለሁ" ይሏቸው ነበር፣ ገና ሲያልፍ የሚመጣው ገና ሥራ ይጀምራል፣ እንደገና ከገና በኋላ ይባላል፣ እንዲህ ሲባል ሲባል ሰውየው ሞቱ። ዘንድሮ አሮጊቷ ብሩሻቸውን አስቀመጡና "እሄዳለሁ፣ ጉልበቴ ያን ጠመዝማዛ መንገድ አንዴ ይችለዋል፣ ሁለተኛ ግን አልለምነውም" አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ፤ ከጎረቤት ሚኒባስ ተዋስን፣ ታማሌ የሚሉት በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ ከነድስቱ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍራሽ፣ የበረዶ ሣጥን ተጫነ፣ ዶኛ ዶሮዎቻቸውን ካልያዝን ብለው በር ላይ ቆሙ፣ ዶን ኤሪቤርቶ "እማማ፣ ዶሮዎቹ ዋና አይችሉም" ሲሏቸው "አንተስ ትችላለህ?" አሉ።

ሐሙስ ደረስን፣ ሐሙስ ባሕሩ አብዷል። የሰሜን ነፋስ አሸዋውን እያነሳ ፊት ይገርፋል፣ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ የነፍስ አድን ሠራተኛው ፊሽካውን ነፍቶ ነፍቶ ጉንጩ ቀልቷል። ዶኛ ሹራባቸውንና ሽርጣቸውን እንደለበሱ ዳር ቆመው ያዩታል፣ ቁመታቸው ከሲትላሊ ትከሻ አያልፍም፣ "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚናደደው?" ይላሉ፣ እኔ "ነገ ይበርድለታል" እላለሁ፣ ነገ ግን ስቅለት ነው። ይኼን ሳላስረዳችሁ ባልፍ አጠፋለሁ፤ በነዶኛ ቤት በስቅለት ዕለት ባሕር የገባ ሰው ዓሣ ይሆናል። እንደ ተረት እንዳትወስዱት፣ የሚያውቁት ሰው ሆኗል፣ የሰውየው ስም አለ፣ የመንደሩ ስም አለ። አርብ ሲነጋ ባሕሩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የተወለወለ መስታወት። የዋና ከተማ ሰዎች እየጮሁ ይገባሉ፣ የኛ ቤተሰብ በሙሉ ዳሱ ሥር ተደርድሮ ያያል፣ ላባችን ይንቆረቆራል፣ አክስት ቼሎ፣ የዶን ኤሪቤርቶ እህት፣ በረዶ እያኘከች ተሳዳቢነቷን ጀምራለች፣ "ያን ባለ ቢጫ ቁምጣ እዩት፣ እስከ ማታ ክንፍ ያወጣል።" "ክንፍ ምን ይሠራለታል፣ ሆዱ ቀድሞ ዓሣ ነባሪ ሆኗል" ትላለች ሲትላሊ። ዶኛ ሁለቱንም በማራገቢያቸው ይነካሉ፣ "በሰው አትሳቁ፣ ዛሬ ስቅለት ነው።" ዓይናቸው ግን ከውሃው አይነቀልም፣ እግራቸውን ከጫማ አውጥተው አሸዋ ላይ አድርገዋል፣ ማዕበሉ ሊነካቸው ሲቀርብ ቀስ ብለው ይሰበስቡታል፣ ሲመለስ መልሰው ይዘረጉታል፣ ቀኑን ሙሉ።

እናቴ የምትደውለው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ሐይቅ ነው ያለችው፣ ወሎ፣ እዚያው እስጢፋኖስ አጠገብ፣ ዘንድሮ ፋሲካችን ከነሱ ጋር ገጥሟል፣ አክፍላለች፣ እህል ውሃ አፏ ሳይገባ እስከ እሑድ፣ ድምጿ እንደ ደረቀ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ "የት ነህ ልጄ" ትላለች፣ ባሕሩ በስልኩ ውስጥ እየተሰማ መዋሸት አይቻልም፣ "ባሕር ዳርቻ" እላለሁ፣ እሷ ዛሬ ግንባሯ መሬት ነክቶ ተነስቶ ነክቶ፣ እኔ በቁምጣ ማንጎ ይዤ፣ ማንጎውን ከኋላዬ ደበቅኩት፣ የምታየኝ ይመስል። "በስቅለት ልትዋኝ ሄድክ?" "አልዋኘሁም እማ፣ እዚህ ቤት በስቅለት ውሃ አይነካም፣ አያቲቱ ከልክለዋል፣ ሁላችንም ቁጭ ብለን ነው የምናየው።" "ውሃው ፊታችሁ እያለ?" "ፊታችን እያለ።" "በዚያ ሙቀት?" "በዚህ ሙቀት።" "እነዚህ ሰዎችማ ጠንካሮች ናቸው፣ ያቺን እጮኛህን ሴትዮዋን ሳሚልኝ በላት" አለች፣ እኔ ማንጎዬን ከኋላዬ አወጣሁና ቀና ብዬ በላሁ፤ ኩራት እንዲህ ነው የሚመጣው፣ ሳታስበው፣ የሁለት አገር ሴቶች ሳይተያዩ ሲከባበሩ።

ጭቅጭቁ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። አክስት ቼሎ እንዲያው ለወግ "እማማ፣ ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?" ብላ ጠየቀች። ዶኛም "የትንሣኤው ደወል ሲደወል ነዋ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደወሉ ሲሰማ ውሃ ይፈታል፣ በልጅነቴ እኮ ደወሉን ስንሰማ በባልዲ ነበር የምንራጨው" አሉ። ሁላችንም ተያየን። ቼሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዳ ተመልሳ መጣች፣ ፊቷ ሳትናገር ተናገረ፣ ደወሉ የሚደወለው ቅዳሜ ማታ ነው። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ከቀትር በፊት መውጣት አለብን፣ የተዋስነው ሚኒባስ ማታ የቺግናዋፓንን ሽማግሌዎች ወደ ቅዳሴ ሊያደርስ ቃል ተገብቶበታል፣ እምቢ ቢባል ሃያ ሽማግሌ በጭጋግ ዳገት በእግሩ ሊወጣ ነው። ዶን ኤሪቤርቶ ተንበርክከው ያስረዳሉ፣ "እማማ፣ ጠዋት የነበረው ድሮ ነው። እኔ ሳልወለድ ነው ወደ ማታ ያዞሩት።" "ማንን ጠይቀው?" "ሮማ ናቸው እማማ።" "ሮማዎች ባሕር ይዘው ቁጭ ብለዋል፣ እነሱ ምን አለባቸው።" "በኛም ከተማ እኮ በየዓመቱ ማታ ነው የሚደወለው፣ እርስዎም ይሰማሉ።" "እሰማለሁ። ግን ቤቴ ባሕር የለበትም፣ ጠዋት ተደወለ ማታ ተደወለ ምን ቸገረኝ?" ዶን ኤሪቤርቶ አፋቸውን ሲከፍቱ ዶኛ ቀደሟቸው። "ሳይደወል ውሃ አልነካም፣ እስከዛሬ ያልነካሁትን ባሕር ዓሣ ሆኜ ከምነካው ደረቄን ብመለስ ይሻለኛል" አሉና ማራገቢያቸውን ዘጉ። ዶን ኤሪቤርቶ ተነስተው ሄዱ፣ ሚኒባሱ ጀርባ ጎማውን ሲረግጡት አየሁ፣ የሰው ጎማ መሆኑ ትዝ ሲላቸው አቧራውን በእጃቸው አራገፉለት።

እና ይኸው ቅዳሜ ሊነጋ ነው፣ ወንበሬ ላይ ነኝ፣ ትናንትና ዛሬ ሐሙስም ጭምር አንድ ላይ እየተሽከረከሩብኝ። በግራዬ ያለውን ዳስ የሚጠብቀው ያው የትናንቱ ባለ ቢጫ ቁምጣ ነው፣ ዓሣ አልሆነም፣ ቤተሰቡ ግን ብዙ ነው፣ ዓይኑን የኛ ዳስ ላይ ጥሏል፣ ሽንቴ ቢመጣ እንኳ አልነሳለትም። ደወል ምንድነው እያልኩ አስባለሁ፣ ነገር ማፍታታት እወዳለሁ፣ ደወል ናስ ነው? ናስ ከሆነ ሰዓት ያዙታል፣ ይገፉታል። ምሥራች ከሆነ ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ፣ ሐይቅ፣ የትንሣኤው ቅዳሴ ሌሊት ይሁን እንጂ ምሥራቹ ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚመጣው፣ ቄሶቹ ደወል እያቃጨሉ ቤት ለቤት ቄጠማ ያድላሉ፣ ሰው ቄጠማውን ግንባሩ ላይ ያስራል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ስቅለት በዚያው ያበቃል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልክ ዶኛ እንደሚሉት፣ እኛ አላዞርነውም። እዚህ ላይ የባሕሩ ጠርዝ ቀላ፣ ፀሐይ ልትወጣ ነው፣ ከባሕሩ ውስጥ ነው እዚህ የምትወጣው፣ ከምሥራቅ፣ ምሥራቅ ማለት እናቴ ያለችበት ማለት ነው፣ ይቺ ፀሐይ እዚያ ውላ ነው የመጣችው፣ እዚያ አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከወንበሬ ዘልዬ ልነሳ አልኩና ቢጫ ቁምጣው ትዝ አለኝ፣ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ዶኛ ኤውፍሮሲና ባዶ እግራቸውን፣ ሹራባቸውን ደርበው፣ የራሳቸውን በርጩማ እየጎተቱ ከቤቶቹ መሃል ብቅ አሉ። "ፍላኮ" ይሉኛል፣ ቀጭኑ ማለት ነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። "አልተኛህም?" "አልተኛሁም፣ እርስዎስ?" "በመኪና ውስጥ እተኛለሁ፣ እንዲያው ከመሄዴ በፊት ልሰናበተው ብዬ ነው" አሉና አገጫቸውን ወደ ባሕሩ ቀሰሩ። "ዶኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ደወሉ የዚህ ከተማ ደወል መሆን አለበት?" "የክርስቲያን ደወል ይሁን እንጂ የየትም ይሁን።" "በእናቴ አገር ዛሬ ጠዋት ተበሥሯል።" በርጩማቸውን አስቀመጡ። እንደ ዳኛ ነው የተቀመጡት። "ማን አበሠረ?" "ቄስ።" "እውነተኛ ቄስ?" "ጢሙ እስከዚህ ነው።" "ጢም ፍየልም አለው።" "ሚስትና ስድስት ልጆች አሉት።" "ቄሱ? ሚስት?" በርጩማቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉ። "እንግዲያው ከኛው ይልቅ የሰው ችግር ያውቃል። ደውልላት።"

ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በመሃላችን ያዝኩት። እናቴ "አቤት" አለች፣ ድምጿ ከትናንቱ ቀጥኗል። ሁሉንም ነገርኳት፣ አያቲቱን፣ ደወሉን፣ ሮማን፣ ሚኒባሱን። "ቄጠማው ታድሏል ወይ እማ?" "ታድሎ ነው እንጂ፣ ግንባሬ ላይ እኮ ነው፣ ለነገ ቤት የሚጎዘጎዘውንም አጭጄ መጣሁ፣ እስከ ጉልበቴ ሐይቅ ውስጥ ቆሜ።" ተረጎምኩ። ዶኛ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ፣ "እስከ ጉልበቷ? ዛሬ?" "ዛሬ።" "ዓሣ እንዳልሆነች ጠይቅልኝ።" "እማ፣ ዓሣ አልሆንሽም አይደል?" "ምን ነካህ ልጄ፣ የጾምኩት እኔ፣ የምትቃዠው አንተ?" ይኼንንም ተረጎምኩ፣ ምን ላድርግ፣ ዶኛ ሳቁ፣ እኔ ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም፣ ጥርሳቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። ከዚያ ግን ፊታቸው ተመለሰ፣ "አምናታለሁ። ግን ፍላኮ፣ ደወሉን እኔ አልሰማሁትም። ሳይሰሙ የለም።" ሊነሱ በርጩማቸውን ያዙ። እናቴ "ምን አሉ?" ትላለች፣ "መስማት አለብኝ ነው የሚሉት።" "ቄሱ አሁን የሉም፣ ደወሉም ከሳቸው ጋር ነው... ቆይ።" ስልኩን አስቀመጠችው፣ የበር ድምፅ ሰማሁ፣ "ዘውድነሽ፣ ዘውድነሽ ነይ እስቲ፣ ያቺንም ጥሪያት" ስትል፣ ጎረቤቶቿ ናቸው፣ እነሱም አክፋዮች፣ እህል ያልቀመሱ፣ ውሃ ያልቀመሱ ሴቶች፣ ከዚያ እልልታው መጣ።

እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔም ሰምቼ አውቃለሁ፣ ግን ውሃ ካልቀመሰ ጉሮሮ፣ ከዚያን ያህል ርቀት፣ በባሕር ዳር፣ ጎህ ሲቀድ አልሰማሁም ነበር። ስልኩ መዳፌ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ገመድ ላይ ተኮልኩለው የነበሩ ወፎች በአንዴ ተነሱ። ከዳሶቹ ሥር ፎጣ የለበሱ ጭንቅላቶች ብቅ ብቅ አሉ፣ ባለ ቢጫ ቁምጣው አማተበ። እኔ ደግሞ፣ አልደብቃችሁም፣ አከርካሪዬ ተነስቶ አንድ ክንድ ረዘምኩ፤ በሰው አገር ስትኖሩ ያላችሁ ነገር ሁሉ ትንሽ ይመስላችኋል፣ ስማችሁ ያጥራል፣ ፋሲካችሁን ለማስረዳት ካላንደር ትፈልጋላችሁ፣ ያን ጠዋት ግን ይዤው የመጣሁት ነገር ባሕሩን የሚያህል ሆነ። ዶኛ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ሹራባቸውን አወለቁ፣ ሽርጣቸውን ፈትተው በአራት አጠፉ፣ በርጩማው ላይ አስቀመጡ፣ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። "ዳሱስ?" አልኩ፣ አፌ ነው ያለው፣ ልማድ ሆኖበት። ዶኛ ዳሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ "ተሰብስበን በጥላ እንቀመጥ ብዬ ነው ይኼን ሁሉ ተራራ የወረድኩት?" አሉ። ስልኩን ወንበሩ ላይ ጣልኩና ተነሳሁ።

አሁን ይኼን በደንብ ያዙ፣ ይጠቅማችኋል፤ አዛውንት ይዛችሁ ባሕር ስትገቡ ማዕበሉን ፊት ለፊት አትጋፈጡት፣ በጎን ነው የሚቀበሉት፣ ጉልበት ለቀቅ፣ እግር ሰፋ፣ ሲመጣ ትንሽ ከፍ ማለት። የመጀመሪያው ቁርጭምጭሚታቸውን ነካ፣ ቆሙ። ሁለተኛው ጉልበታቸውን ነካ፣ ያ ሁለተኛ አልለምነውም ያሉትን ጉልበት፣ ጥፍራቸው ክንዴ ውስጥ ገባ። "ይስበኛል" አሉ። "አሸዋውን ነው የሚስበው፣ እርስዎን እኔ ይዤዎታለሁ።" "ሥር ታወጣለህ ይላል ኤሪቤርቶ።" "አውጥቻለሁ።" ትንሽ ወደ ውስጥ ገባን፣ ቀሚሳቸው እንደ አበባ ተነፋ፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ወጥ የቀመሱ ሴት ናቸው፣ "ጨው አብዝተውበታል" አሉ። ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ወጥታ ውሃው ላይ ተኝታለች፣ እሳቸው እጃቸውን እያገላበጡ ያዩታል፣ ያን ሁሉ ዓመት ብሩሽ የያዘውን፣ ቀለም የማይለቀው ጥፍራቸውን፣ ከውሃው ሥር።

ከኋላችን የዶን ኤሪቤርቶ ድምፅ መጣ፣ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ድስት ተሸክመው፣ "ፍላኮ፣ ዳሳችን ላይ ያለው የማን ሆድ ነው?" ዞር ስል ቢጫ ቁምጣው ወንበሬ ላይ ተንሰራፍቷል፣ ዘመዶቹ እየተደረደሩ ነው፣ እውነትም ዳሱ አምልጦኛል፣ ወረፋ ለቅቄ አላውቅም ነበር። ዶን ኤሪቤርቶ እየተቆጡ እስከ ውሃው ጠርዝ መጡ፣ "አንድ ሥራ፣ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሰጠንህ" እያሉ፣ ከዚያ እናታቸውን አዩ። ድስቱን አሸዋ ላይ አስቀመጡት። "እማማ፣ ደወሉስ?" "ተደውሏል፣ አንተ ተኝተህ ነው" አሉና ዶኛ በሁለት እጃቸው ውሃ ዝቀው ልጃቸውን ፊቱ ላይ ረጩት፣ እንደ ልጅነታቸው ቅዳሜ። ዶን ኤሪቤርቶ ውሃው ከጢማቸው እየወረደ ቆሙ፣ ውሃው ብቻ አልነበረም የሚወርደው፣ ከነጫማቸው ገቡ፣ አክስት ቼሎና ሲትላሊም እየሮጡ መጡ፣ ቼሎ "ዋና የማይችል እንደ ዶሮዎቹ ዳር ይቁም" እያለች ወንድሟን ገፋችው።

ባለ ቢጫ ቁምጣው ስልኬን ይዞ መጣ፣ "ወንድም፣ አንዲት ሴት አሁንም ውስጡ አለች" አለኝ። እናቴ አልዘጋችውም ነበር። "ገቡ?" አለች። "ገቡ እማ።" "በረዳቸው?" "ለብ ያለ ነው።" "እሰይ። እኔን ግን ጉሮሮዬን ጨረሳችሁት።" ዶኛ በእርጥብ እጃቸው ስልኩን ወሰዱና እናቴ በማትሰማው ቋንቋ "የልጅሽ አያት ነኝ፣ በኅዳር ለሠርጉ ስትመጪ ባሕሩን እኔ አሳይሻለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ" አሏት። ሁለተኛ አልለምነውም ያሉት ጉልበት እንግዲህ ተለምኗል፣ እኔም በዚያ ቤት ከፍላኮ ሌላ ስም ተሰጥቶኛል፣ የልጅ ልጅ። እናቴ ምን እንዳሉ ሳትጠብቅ "አሜን" አለች።

እንግዲህ በቤታችሁ "ከበዓሉ በኋላ" እየተባለ የቆየ ምኞት ያለው ትልቅ ሰው ካለ፣ ሂዱና ውሰዷቸው፣ ባሕር ከሌለ ሐይቅ፣ ሐይቅ ከሌለ ወንዝ። ከነሹራባቸው ይምጡ፣ ራሳቸው ያወልቁታል። ማዕበሉን በጎን ተቀበሉ፣ ክንዳችሁን አደንድኑ፣ ዳሱን ደግሞ ለቀቅ አድርጉት፣ የፈለገ ሰው ይቀመጥበት።